አርባ ጥናት ወይስ ሁለት? ለአንድ የጨረር ሕክምና መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በአንድ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት የጨረር ሕክምና ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ስለ ጡት ካንሰር ሕክምና ወቅታዊ ጥናቶች እንዳስተዋውቃቸው ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት፣ ተመድቦልኛል። ወደ አርባ የሚጠጉ ጽሑፎች ሰብስቤ ስላይድ እየሠራሁ ነው። ተማሪዎቼ ግን ከወዲሁ ይሞግቱኛል። በአምስት ቀን የሚያልቀው ጨረር አያቃጥልም ወይ? ዕድሜያቸው ለገፋ ሴቶች ጨረር ቀርቷል የሚባለውስ እውነት ነው? ይህ ሁሉ የውጭ ጥናት እኛ ጋ ከሚመጡት ታካሚዎች ጋር ምን ያገናኘዋል? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ ስላይዱን እዚያው ያቁሙት። ከአርባው ሠላሳ ስምንቱን ይተዉና ሁለቱን ይያዙ። አንዱ ጨረርን በአምስት ቀን መጨረስን የፈተነው፣ ፋስት ፎርዋርድ የሚባለው የእንግሊዝ ጥናት ነው። ሌላው ከቤጂንግ የወጣ፣ ጡታቸው ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና በተነሣ ሴቶች ላይ የተሠራ ነው። በአራት ሰዓት አርባ ጥናት የሰማ ተማሪ የጥናት ስም ብቻ ሸምድዶ ይወጣል። እኔም አንድ ዓመት እንደዚያ አስተምሬ የፈተና ወረቀት ሳርም ዋጋዬን አግኝቻለሁ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በቅድሚያ አንድ ነገር ይታረም። ተማሪ «ወቅታዊ ጥናት» ሲባል አዲስ ማሽን ወይም አዲስ መድኃኒት ይጠብቃል። በመድኃኒቱ በኩል አልተሳሳተም። በጨረሩ በኩል ግን ላለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ትልልቆቹ ጥናቶች ሲጠይቁ የኖሩት «ምን ያህል እንቀንስ?» ብለው ነው። ቀኑ ይጠር ወይ፣ ጨረር የሚያርፍበት ቦታ ይጥበብ ወይ፣ አንዳንዷ ሴትስ ጭራሽ ሳትወስድ ትቅር ወይ። የፕሮቶን ጨረሩንና ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ለሌላ ጊዜ ያቆዩላቸው። ማራኪ ናቸው፣ መግቢያ ግን አይሆኑም።

ስለ መቀነስ ከማውራት በፊት ደግሞ የሚቀነሰው ነገር ምን ይሠራ እንደነበር ተማሪው ማወቅ አለበት። ለዚህ አንድ ስላይድ ይበቃዎታል። በ2011 የወጣ፣ 17 ጥናቶችንና 10,801 ሴቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ አለ። ዕጢው ብቻ ወጥቶ ጡታቸው ከቀረላቸው ሴቶች ውስጥ ጨረር ያልወሰዱት 35 በመቶዎቹ በ10 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ተመልሶባቸዋል። ከወሰዱት ውስጥ የተመለሰባቸው 19.3 በመቶ ናቸው። በ15 ዓመት ደግሞ በጡት ካንሰር የሞቱት 25.2 እና 21.4 በመቶ ሆነዋል። በግርድፉ አራት ሴት ካንሰሩ እንዳይመለስባት ሲደረግ አንድ ሕይወት ይተርፋል ማለት ነው። ይህን ያላየ ተማሪ የመቀነስ ጥናቶችን ሲያነብ «ጨረር ድሮም አያስፈልግም ነበር» ብሎ ይወጣል።

ወደ ማቃጠሉ ጥያቄ ልሂድ። ተማሪዎቹ ሁለት ስሕተት አንድ ላይ ይሠራሉ። ግማሾቹ የአምስት ቀኑን 26 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ከድሮው የ25 ቀን 50 ግሬይ ጋር አስተያይተው «ይህ ደካማ ነው» ይላሉ። ሌሎቹ በቀን 5.2 ግሬይን ከ2 ግሬይ ጋር አስተያይተው «ይህ ያቃጥላል» ይላሉ። ሁለቱም ቁጥሩን ለብቻው ነው ያዩት። እዚህ ላይ ጠመኔ ያንሡ። የተለያየ አሰጣጥን ወደ ጥንቱ የ2 ግሬይ ቋንቋ ለመመለስ አጠቃላይ መጠኑን በቀኑ መጠን እና በአልፋ ቤታ ድምር ያባዙና፣ ለ2 እና ለአልፋ ቤታ ድምር ያካፍሉታል። አልፋ ቤታ አንድ አካል የቀኑ መጠን ሲጨምር ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ዘግይቶ ለሚመጣ የጤናማ አካል ጉዳት 2 ብለው ይውሰዱት፤ ለሰሌዳ ይመቻል፣ ከእውነታውም ብዙ አይርቅም።

ፋስት ፎርዋርድ ሦስት አሰጣጦችን በዕጣ አወዳድሯል፦ 40 ግሬይ በ15 ጊዜ፣ 27 ግሬይ በ5 ጊዜ፣ 26 ግሬይ በ5 ጊዜ። በቀመሩ ሲያሰሉት 40ው 46.7 ይሆናል። 26ቱ 46.8 ይሆናል። 27ቱ ግን 50 ላይ ይደርሳል፤ ማለትም የድሮው 50 ግሬይ በ25 ጊዜ ወደሚሰጠው ይጠጋል። በ26 እና በ27 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ግሬይ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ይህን በገዛ እጃቸው ካሰሉ በኋላ ነው የጥናቱን ውጤት የሚያሳዩዋቸው። በ5ኛው ዓመት ላይ ሐኪም መካከለኛ ወይም ከባድ ያለው የጡት ወይም የደረት ለውጥ በ40ው ቡድን 9.9 በመቶ፣ በ26ቱ 11.9 በመቶ፣ በ27ቱ 15.4 በመቶ ነበር። ሰሌዳው ላይ የወጣው ቁጥር 4,096 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት ሲደገም ማየት ከየትኛውም ስላይድ ይልቅ አእምሯቸው ውስጥ ይቀራል። ይህ ቀመር ግምት መሆኑን ግን ደጋግመው ያስታውሷቸው። ማንም ተማሪ በስልኩ አስልቶ የታካሚ መጠን አይወስንም፤ ያ የሐኪሙና የፊዚክስ ባለሙያው ሥራ ነው።

የቆዳውን ነገር በተመለከተ፣ በዚያው ጥናት ሥር በተደረገው ክትትል 26 ግሬይ የወሰዱት የቆዳቸው ቁጣ ከ40ው (ከሦስት ሳምንቱ) ቡድን ቀለል ያለ ሆኖ ነው የተገኘው። ስለዚህ «አያቃጥልም ወይ?» ለሚለው አጭሩ መልስ «እንዲያውም ይቀንሳል» ነው። እዚህ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የቆዳ ቁጣ መለኪያዎቹ የተሠሩት መቅላትን በሚያሳይ ነጭ ቆዳ ላይ ነው። የእኛ ታካሚ ቆዳ አይቀላም፣ ይጠቁራል። መቅላት የሚጠብቅ ተማሪ «ምንም የለም» ብሎ ይጽፋል፤ ሴትዮዋ ግን ከጡታቸው ሥር እና ብብታቸው ውስጥ ቆዳው ተልጦ ልብሳቸው እየተጣበቀ ነው። የጥቁረቱን ደረጃ፣ መድረቁን፣ መላጡን፣ መርጠቡን እንዲመለከቱ ያስተምሯቸው። እንዲጠይቁም ያስተምሯቸው፣ እናቶቻችን ሳይጠየቁ አይናገሩምና።

ዋናው ቁጥር ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በ5 ዓመት ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ የተመለሰባቸው በ40ው ቡድን 2.1፣ በ27ቱ 1.7፣ በ26ቱ 1.4 በመቶ ናቸው። ተማሪው ወዲያው «አምስት ቀኑ ይሻላል!» ይላል። ጥናቱ ያንን አልጠየቀም፣ አላረጋገጠምም። የጠየቀው «አጭሩ ከረጅሙ በ1.6 በመቶ ያህል እንኳ አይብስም ወይ?» ብሎ ነው፤ መልሱም «አይብስም» ነው። «አያንስም» እና «ይበልጣል» የሚሉትን ሁለት ቃላት መለየት ያልቻለ ተማሪ ቀጣዩን ጥናትም በስሕተት ነው የሚያነበው። አምስት ዓመት ደግሞ ለጡት ካንሰር አጭር ነው። በተለይ ሆርሞን ተቀባይ ያለው ዓይነት ከአሥር ዓመት በኋላም ይመለሳል።

አሁን ወደ ማሽኑ ክፍል እንግባ፤ የእርስዎ ተማሪዎች ሥራ እዚያ ነውና። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ማዕከል አንዲት እናት ሰኞ ጠዋት ሲመጡ ጨረሩ የት እንደሚያርፍ ለማመልከት ደረታቸው ላይ ከተሣሉት መስመሮች አንዱ ብቻ ነበር የቀረው። ቅዳሜና እሑድ ጠበል ገብተው ታጥቧል። ተረኛው ባለሙያ ታካሚዎቹ ስለበዙበት የጠፋውን በግምት መልሶ ሣለው። ስሕተቱ የታየው ሐሙስ ዕለት ምስል ሲነሣ ነው፤ ሜዳው፣ ማለትም ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ፣ ወደ ታች ሸሽቷል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሦስት ቀን ሄዷል። እኚህ እናት 25 ጊዜ ነበር የታዘዘላቸው፤ ሦስቱ ቀን የሕክምናቸው 12 በመቶ ነው፤ ሐኪሙ ሊያስተካክለው ቻለ። የታዘዘላቸው 5 ጊዜ ቢሆን ኖሮ ያው ሦስት ቀን 60 በመቶ ነበር። ሐሙስ ላይ የሚስተካከል ነገር አይኖርም ነበር።

ይህን ሲነግሯቸው ሴትዮዋን ጥፋተኛ አያድርጉ። ጠበል አይግቡ ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ ይገባሉ፣ ከዚያ ይደብቁዎታል። በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ፣ መስመሩ ከጠፋ በግምት አለመሣል፣ የሚቻልበት ቦታ ላይ በቀለም መርፌ ትንሽ ቋሚ ነጥብ ማድረግ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምስል አንሥቶ ማረጋገጥ ነው መፍትሔው። አጭር ሕክምና ጊዜ ይቆጥባል፤ የስሕተት ማረሚያ ጊዜውንም አብሮ ይወስዳል።

የማሽኑ ዓይነትም ይነሣ። ፋስት ፎርዋርድ የተሠራው በሲቲ ስካን ምስል በታቀደ፣ የመጠኑ ስርጭት በጥንቃቄ በተስተካከለ ሕክምና ነው። አገራችን ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኮባልት ማሽን ላይ ተንጠልጥላ ኖራለች። አሁን በኤሌክትሪክ ጨረር የሚያመነጨው ሊናክ የሚባለው ማሽን መጥቷል፣ ማዕከላቱም በዝተዋል፤ ሁሉም ቦታ ግን አንድ ዓይነት መሣሪያ የለም። ኮባልት በየ5.27 ዓመቱ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል፤ ሁለት ደቂቃ የነበረው አራት ደቂቃ ይሆናል፣ ታካሚዋም ያን ያህል ጊዜ ሳትንቀሳቀስ መተኛት አለባት። ትልቅ ጡት ላይ ደግሞ የሚሞቅ ቦታ ይፈጠራል። ከታዘዘው 10 በመቶ የበለጠ መጠን የሚያገኝ ቦታ ቢኖር፣ በ26 ግሬይ አሰጣጥ 46.8 የነበረው ወደ 55 ይወጣል። 10 በመቶው 18 በመቶ ገደማ ሆነ ማለት ነው፤ አጠቃላዩም የቀኑም መጠን አብረው ስለሚጨምሩ። ሲቲ እቅድና የምስል ማረጋገጫ በሌለበት ቦታ አምስት ቀኑን መኮረጅ ጥናቱን መከተል አይባልም።

ሦስተኛው ጥያቄዎ፣ «እኛ ጋ ከሚመጡት ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚለው፣ ከሁሉም የተሻለው ጥያቄ ነው። ጠያቂውን ተማሪ ያመስግኑልኝ። በ2014 የታተመ፣ በጥቁር አንበሳ የታከሙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት አለ፤ ወደ ሌላ አካል የተሠራጨባቸው አልተካተቱም። መካከለኛ ዕድሜያቸው 43 ነበር። ደረጃቸው ከተመዘገበላቸው ውስጥ 71 በመቶዎቹ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነበሩ። አንደኛ ደረጃ ላይ የነበሩት 4 በመቶ ብቻ ናቸው። የፋስት ፎርዋርድ ተሳታፊዎች ደግሞ አብዛኞቹ ጡታቸው ያልተነሣ፣ ቀድመው የተገኙ ሴቶች ናቸው፤ በዋናው ጥናት የብብትና የአንገት ሥር ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖዶች) ጨረር አልተሰጣቸውም። ከእኛ ተጠባባቂ ክፍል ውስጥ ስንቷ ሴት ነች እዚያ ጥናት ውስጥ የምትገባው?

ሁለተኛውን ጥናት የመረጥኩት ለዚህ ነው። የቤጂንጉ ጥናት በ2019 ነው የታተመው። ጡታቸው ሙሉ በሙሉ የተነሣ፣ አራትና ከዚያ በላይ ንፍፊት የተያዘባቸው ወይም ዕጢያቸው የገፋ 820 ሴቶች ነበሩበት፤ የእኛን ታካሚ ይመስላሉ። ደረታቸውና ከአንገት አጥንት በላይ ያለው ቦታ 43.5 ግሬይ በ15 ጊዜ ወይም 50 ግሬይ በ25 ጊዜ ተሰጥቶታል። በ5 ዓመት በአካባቢው የተመለሰባቸው 8.3 እና 8.1 በመቶ ናቸው። ከባድ የቆዳ ጉዳት በአጭሩ 3፣ በረጅሙ 8 በመቶ ሆኗል። ከጎንደር ወይም ከጋምቤላ መጥታ አልጋ ተከራይታ ለምትታከም ሴት፣ ልጆቿን ጎረቤት ጋ ትታ ለመጣች፣ አምስት ሳምንት ሦስት ሳምንት ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ለተማሪዎቹ መንገር አያስፈልግም። በወረፋም ቢያዩት መቶ ታካሚ 2,500 ተራ ይወስድ የነበረው 1,500 ይሆናል።

ይህንንም ግን በሰሌዳው ያሳልፉት። 43.5 በ15 ጊዜ በቀመሩ ወደ 53 ይወጣል፣ ከ50 ይበልጣል። ከአንገት አጥንት በላይ ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ያልፋሉ፣ የነርቭ ጉዳት ደግሞ ከዓመታት በኋላ ነው የሚታየው። አምስት ዓመት ክትትል ለነርቭ አይበቃም። ሜዳ ከሜዳ የሚገናኝበት መስመር ላይ መደራረብ እንዳይኖር የሚጠብቀው ማሽኑ ላይ የቆመው የእርስዎ ተማሪ ነው።

ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶችን በተመለከተ «ጨረር ቀርቷል» የሚለው በግማሽ የተነበበ ጥናት ነው። ፕራይም ሁለት የሚባለው ጥናት የ10 ዓመት ውጤቱን በ2023 አሳትሟል። 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ ዕጢያቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ንፍፊታቸው ያልተነካ፣ ሆርሞን ተቀባይ ያላቸው፣ የሆርሞን መድኃኒት የሚወስዱ 1,326 ሴቶች ተሳትፈዋል። ጨረር ያልወሰዱት 9.5 በመቶ፣ የወሰዱት 0.9 በመቶ እዚያው ተመልሶባቸዋል። በሕይወት የቆዩት ግን እኩል ናቸው፣ ወደ 81 በመቶ። ስለዚህ ጨረሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ዕድሜ ግን አልጨመረም። ለእንዲህ ያለች ሴት ሁለቱንም አስረድቶ ምርጫውን ለእሷ መተው ይቻላል። የሆርሞን ምርመራዋ ያልተሠራላት ወይም ታሞክሲፌን የሚባለውን የሆርሞን መድኃኒቷን በስድስተኛው ወር ያቋረጠች ሴት ግን ዕድሜዋ ሰባ ቢሆንም ከዚህ ጥናት ውጪ ናት። የ43 ዓመቷማ አትነሣ።

ልብን አይርሱ፤ በተለይ ለግራ ጡት። በ2013 በስዊድንና በዴንማርክ ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት፣ ልብ በአማካይ በሚያገኘው በእያንዳንዱ ግሬይ የከባድ ልብ ሕመም ዕድል በ7.4 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ «ከዚህ በታች ምንም አያደርግም» የሚባል ወለል አልተገኘም። ተማሪዎቹ ይህን 7.4 ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ሴትዮዋ ቀድሞ ካላት ዕድል ላይ የሚሰላ ጭማሪ መሆኑን ያስረዷቸው፤ የልብ ሕመም ዕድሏ ትንሽ ለሆነ ወጣት ጭማሪውም ትንሽ ነው። አየር በደንብ ስቦ መያዝ ልብን ከደረቱ ግድግዳ ያርቃል። ያንን የምታስተምራት ግን ማሽን ክፍሉ ውስጥ ያለችው ቴክኖሎጂስት ናት፣ ያውም በሚገባት ቋንቋ። ታካሚዋ አማርኛ የማትሰማ ከሆነ በድምፅ ማጉያ «ትንፋሽ ያዢ!» ማለት ዋጋ የለውም። አስቀድሞ አልጋው ላይ ሳትወጣ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሦስት አራት ጊዜ ትለማመድ።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የ2011ዱን ቁጥር በአሥር ደቂቃ አሳይተው ወደ ሰሌዳው ይሂዱ። ሒሳቡን እነሱ ይሥሩት፤ ከዚያ የፋስት ፎርዋርድን የውጤት ሠንጠረዥ ብቻ አትመው ያድሏቸው፣ ሙሉውን ጽሑፍ አይስጧቸው። ሠንጠረዡን ራሳቸው ያንብቡት። ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ በቤጂንጉ ጥናት ከፍተው ግማሹን ሰዓት ማሽን ክፍል ውስጥ ያሳልፉት፤ አንዱ ተማሪ አልጋው ላይ ይተኛ፣ ሌላው መስመሩን ሆን ብሎ ያጥፋው፣ የቀሩት ምን እንደሚያደርጉ ይታይ። ሐኪምና የፊዚክስ ባለሙያ ማግኘት ከቻሉ ለዚህ ክፍል ይጋብዟቸው እንጂ ለንግግር አይጋብዟቸው።

ለፈተናው ሦስት ካርድ ያዘጋጁ። አንደኛዋ የ43 ዓመት ሴት፣ ጡቷ የተነሣ፣ አምስት ንፍፊት የተያዘባት። ሁለተኛዋ የ70 ዓመት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ዕጢ፣ የሆርሞን ምርመራ ውጤቷ ያልተያያዘ። ሦስተኛዋ የ52 ዓመት፣ ጡቷ የቀረላት፣ ንፍፊቷ ንጹሕ የሆነ፣ ለአምስት ቀን የታዘዘላት፣ ሁለተኛው ቀን ላይ መስመሯ ጠፍቶ የመጣች። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት የሚጠየቀው አንድ ነው፦ ይህች ሴት በየትኛው ጥናት ውስጥ ትገባለች፣ ለመወሰንስ ምን ይጎድለናል? ለሦስተኛዋ ደግሞ፦ አሁን ምን ታደርጋለህ፣ ለማንስ ትደውላለህ? የጥናቱን ስም የረሳ ተማሪ ነጥብ አይቀነስበት። መስመሩን በግምት መልሼ እሥለዋለሁ ያለ ግን ያንን ትምህርት ይድገም።